ሠላሳ ዋቢ፣ አንድም አንቀጽ

ጥያቄ፦ የኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለጽሕፈት ኮርስ 1500 ቃላት ያለውና ቢያንስ 5 ዋቢዎችን የጠቀሰ አመዛዛኝ ድርሰት እንድናዘጋጅ ታዘናል። እኔ «ቴክኖሎጂ ትምህርትን እየጎዳ ነው» የሚል ሐሳብ ይዤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳነብ ቆየሁ። 30 ያህል ጽሑፎች ሰብስቤያለሁ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ላፕቶፕ ስለመጠቀማቸው የሚናገሩ ናቸው። የጻፍኩት ግን አንድ አንቀጽ እንኳ አይሞላም፤ አንዱ ጽሑፍ የገነባውን ሌላው ያፈርስብኛል። መምህራችን ሐሳቤን አይተው «ይህ ርእስ ነው እንጂ መከራከሪያ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። የቀረኝ ጊዜ 3 ሳምንት ነው። ከየት ልጀምር? ሐሳቤን የሚቃወሙትን ጽሑፎች ብተዋቸው ችግር አለው? እያነበብኩ አቋሜ ቢለወጥብኝስ ምን ላድርግ?
ግራ የገባኝ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት የጎደለዎት ዋቢ ሳይሆን ጥያቄ ነው። ንባቡን የጀመሩት መልሱን አስቀድመው ይዘው ስለሆነ፣ የሚደግፍዎትን ሲያገኙ ሰበሰቡ፤ የሚቃወምዎትን ሲያገኙ ደግሞ ደነገጡ። «አንዱ የገነባውን ሌላው ያፈርስብኛል» የሚለው ስሞታዎ ግን ለእኔ ከደብዳቤው ሁሉ ተስፋ የሚሰጠው ክፍል ነው፤ በእርግጥ የሚያከራክር ጉዳይ ላይ መድረስዎን ያሳያልና። ሁሉም በተስማማበት ነገር ላይ እንዲህ ያለ ድርሰት አይጻፍም። ከተራኪና ከገላጭ ድርሰት ለይተን «አመዛዛኝ» ስንለው ስሙን ከሚዛን ነው ያወጣነው፤ ሚዛን ደግሞ በአንድ ሳሕን ብቻ አይመዝንም።

መልስን ይዞ ማስረጃ መፈለግ የእርስዎ ብቻ ድካም አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ የቆየ ሙከራ አለ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1960 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጥናት ለተሳታፊዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ሦስት ቁጥሮችን ሰጥቶ ቁጥሮቹ የተደረደሩበትን ሕግ እንዲያገኙ ጠየቃቸው። ተሳታፊዎቹ የፈለጉትን ሦስት ቁጥር እያቀረቡ «ሕጉን ይከተላል» ወይም «አይከተልም» የሚል ምላሽ ያገኙ ነበር። ብዙዎቹ «በሁለት በሁለት የሚጨምር» የሚል ግምት ያዙና 8፣ 10፣ 12 እንደሚሉት ያሉ ግምታቸውን የሚያጸኑ ቁጥሮችን እየደረደሩ፣ በእያንዳንዱ «ይከተላል» እየተደሰቱ ተሳሳቱ። ሕጉ እየበዙ የሚሄዱ ማናቸውም ሦስት ቁጥሮች የሚል ብቻ ነበር፤ 3፣ 17፣ 90 ብሎ የራሱን ግምት ለማፍረስ የሞከረ ሰው ቶሎ ይደርስበት ነበር። እስቲ ከሰበሰቧቸው 30 ጽሑፎች ውስጥ ስንቶቹ 8፣ 10፣ 12 እንደሆኑ ይቁጠሩ።

አሁን ወደ መምህርዎ አስተያየት ልመለስ፤ ትክክል ናቸው። «ቴክኖሎጂ ትምህርትን እየጎዳ ነው» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ለማየት ለተሳነው ተማሪ መጽሐፍ የሚያነብለት ሶፍትዌርም አለ፤ በክፍል መካከል ፊልም የሚታይበት ስልክም አለ። ማን፣ የት፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ስለማይናገር የሚስማማም የሚቃወምም ሰው የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። ብዙዎቹ ጽሑፎችዎ ስለ ላፕቶፕ ከሆኑ፣ ርእሱን ወደዚያ አጥብበው በጥያቄ መልክ ያስቀምጡት፦ «የኮሌጅ መምህራን ተማሪዎች በሌክቸር ሰዓት ላፕቶፕ እንዳይጠቀሙ መከልከል አለባቸውን?» ይህ ጥያቄ ባለቤት አለው፤ ቦታና ድርጊትም አለው። በተጨማሪም አስተዋይ የሆነ ሰው «አዎ» ሊለው፣ ሌላው አስተዋይ ሰው «አይደለም» ሊለው፣ ሦስተኛው «እንደ ሁኔታው» ሊለው ይችላል። ጥያቄዎን ለሦስት ጓደኞችዎ አቅርበው ሦስቱም ሳያመነቱ አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡዎት፣ ጥያቄው ገና አልጠበበም ወይም ከመጀመሪያውም አያከራክርም ማለት ነው።

ጥያቄው ከተያዘ በኋላ ንባቡ ራሱ መልኩን ይቀይራል። በላፕቶፑ ጉዳይ ላይ ላሳይዎት። ከሰበሰቧቸው ጽሑፎች አንዱ ፓም ሙለርና ዳንኤል ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙትን ጥናት ሳይጠቅስ አልቀረም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ያልጠቀሰው ጽሑፍ ጥቂት ነው። ተመራማሪዎቹ ተማሪዎችን የተቀረጸ ንግግር እያሳዩ ግማሾቹን በእጅ፣ ግማሾቹን ኢንተርኔት በሌለው ላፕቶፕ ማስታወሻ ካስያዟቸው በኋላ ሲፈትኗቸው፣ በላፕቶፕ የጻፉት የተነገረውን ቃል በቃል የመገልበጥ ዝንባሌ እንዳላቸውና ማስተዋልን በሚጠይቁ ጥያቄዎችም ዝቅ ያለ ውጤት እንዳገኙ ዘገቡ። ሐሳብዎን የሚደግፍ ጥናት ስለሆነ ንባብዎን እዚህ ላይ አቁመው መጻፍ ቢጀምሩ ማንም አይፈርድብዎትም። እኔ ግን አንድ እርምጃ እንዲጨምሩ እለምንዎታለሁ። ጥናቱን በጉግል ስኮላር (የጥናታዊ ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ ነው) ፈልገው ከሥሩ የሚገኘውን፣ ጽሑፉን በኋላ የጠቀሱትን ሥራዎች የሚዘረዝረውን መስመር ይጫኑ። የዋቢዎች ዝርዝር ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት የነበረውን ብቻ ሲያሳይዎት፣ ይህ መስመር ግን ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የደረሰበትን ይነግርዎታል። ተማሪዎች አዘውትረው የሚዘሉትም ይህንኑ መስመር ነው።

መስመሩን የተከተለ ሰው በ2019 ሞርሄድ፣ ደንሎስኪና ሮውሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው ግልጽ ልዩነት እንዳላገኙ፣ በ2021 ደግሞ ሄዘር ኡሪና ባልደረቦቿ ሙከራውን እንዳለ ደግመው ቃል በቃል የመገልበጡ ነገር እውነት ሆኖ ሲገኝ የፈተና ውጤት ልዩነቱ ግን እንዳልታየ ይደርስበታል። ስለዚህ «በእጅ መጻፍ የተሻለ ግንዛቤ ያስገኛል» የሚለው ምክንያት ድርሰትዎን ብቻውን ሊሸከም አይችልም። በዚህ ተስፋ አይቁረጡ፤ ሌላ ምክንያት አለና። ፋሪያ ሳናና ሁለት ባልደረቦቿ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ሌክቸር እየተከታተሉ በላፕቶፕ ሌላ ሥራ የሠሩ ተማሪዎች ካልሠሩት በ11 በመቶ ያነሰ ውጤት አመጡ። በሌላ ሙከራ ደግሞ ራሳቸው በወረቀት እየጻፉ የሌሎቹ ስክሪን በሚታይበት ቦታ የተቀመጡት በ17 በመቶ ያነሰ ውጤት አመጡ። በአሜሪካው የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ በኢኮኖሚክስ መግቢያ ኮርስ ላይ የተካሄደውና በ2017 የታተመው ሙከራ ክፍሎችን በዕጣ በሦስት መድቦ ነበር፦ ላፕቶፕም ታብሌትም የተፈቀደባቸው፣ ታብሌት መምህሩ እንዲያየው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ብቻ የተፈቀደባቸው፣ ሁሉም የተከለከለባቸው። መሣሪያ በተፈቀደባቸው በሁለቱም ዓይነት ክፍሎች የመጨረሻው ፈተና ውጤት ከተከለከሉት አንሶ ተገኘ።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ በ2021 እና በ2017 የታተሙት ጥናቶች እርስ በርስ የሚፈራረሱ ይመስሉ ነበር እንጂ የጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነው። አንደኛው ኢንተርኔት በሌለበት፣ የመጻፊያው መሣሪያ በራሱ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ሌላው መሣሪያው ከነማዘናጊያው ክፍል ሲገባ ምን እንደሚከተል ጠየቀ። ሁለት ጽሑፎች ሲጋጩብዎት «የቱ ነው ትክክል?» ከማለትዎ በፊት «እነዚህ ሰዎች የጠየቁት አንድ ነገር ነው ወይ? ማንን አጠኑ? ምን ለኩ?» ይበሉ። የዚህ መልስ የሚገኘው ደግሞ በአኅጽሮተ ጥናቱ ውስጥ ሳይሆን ስልቱን በሚያብራራው ክፍል ውስጥ ነው፤ አሰልቺ መሆኑን አልክድም።

በአካዳሚያዊ መጽሔት ያልወጡትን፣ በድረ ገጽ ያገኟቸውን ጽሑፎች በተመለከተ በአጭሩ ልናገር። ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማግሩ በ2017 ባቀረቡት ጥናት የታሪክ ምሁራንን፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና ሙያቸው መረጃ ማጣራት የሆነ ሰዎችን ሲያነጻጽሩ፣ ምሁራኑና ተማሪዎቹ በገጹ ውበትና በድርጅቱ ስም ሲታለሉ አጣሪዎቹ ገጹን ቶሎ ትተው ሌሎች ስለዚያ ድርጅት የጻፉትን ፈለጉ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የሚሰጡዎት ዋቢ ፈጽሞ ያልተጻፈ ሊሆን እንደሚችል ይወቁ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ወይም ከመጽሔቱ ራሱ አግኝተው ያላነበቡትን ጽሑፍ አይጥቀሱ። የኮሌጅዎ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያም ለዚሁ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ጥያቄዎን ይዘው ቢሄዱ በአንድ ሰዓት የሁለት ቀን ድካም ያቀልልዎታል።

ማስታወሻ አያያዝዎን አልጻፉልኝም፤ ነገር ግን 30 ጽሑፍ አንብቦ አንቀጽ ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ላይ ነው፤ መስመር ያሰምራል እንጂ አይጽፍም። የማስታወሻ ደብተርዎን ገጽ ለሁለት ይክፈሉት። በግራው በኩል ጸሐፊው ያለውን ይጻፉ፤ ቃል በቃል ከሆነ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ በራስዎ ቃል ከሆነ ያለ ትእምርተ ጥቅስ፣ በሁለቱም ግን የገጹን ቁጥር አስከትለው። በቀኙ እርስዎ ያሰቡትን ይጻፉ። ለምሳሌ በግራ፦ «ሳና፣ 2013፤ ስክሪን የሚታያቸው ተማሪዎች በ17 በመቶ አነሱ»። በቀኝ፦ «ታዲያ ከኋላ ቢቀመጡስ? የሚረብሸው ላፕቶፑ ነው ወይስ የተቀመጠበት ቦታ?» እንዲህ ያለች በቀኝ ዓምድ የተጻፈች ጥያቄ በኋላ አንድ ሙሉ አንቀጽ ትወልዳለች። እኔ በተማሪነቴ ይህን ክፍፍል ባለማወቄ፣ ድርሰቱን በማስረክብበት ዋዜማ በማስታወሻዬ ውስጥ አንዲት እጅግ ያማረች ዐረፍተ ነገር አግኝቼ የእኔ ትሁን የሌላ ሰው መለየት አቃተኝ። እጅግ ማማሯ ስላጠራጠረኝ ሰረዝኳት፤ እስከ ዛሬም ትቆጨኛለች። ሳይታሰብ ወደ ምንተፋ፣ ማለትም የሌላን ሰው ጽሑፍ እንደ ራስ አድርጎ ወደ ማቅረብ የሚኬደው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በር ነው።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ ደርሰናል፤ የሚቃወሙዎትን ጽሑፎች መተው ይቻላል ወይ? አይቻልም፤ ምክንያቱም ቅንነት ብቻ አይደለም። መምህርዎ ተቃራኒውን ሐሳብ ያውቁታል፤ እርስዎ ካላነሱት ድርሰቱን ሲያነቡ ከአንቀጽ አንቀጽ «ታዲያ ይህስ?» እያሉ ይከተሉዎታል። ከዚህም በላይ ድርሰትዎን የሚያጠብቀው እርሱ ነው። ላፕቶፕ መከልከልን ከሚቃወሙት ምክንያቶች ሁሉ ጠንካራው የቱ ነው? «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው» የሚለው አይደለም፤ ያን መምታት ቀላል ስለሆነ ብዙዎች የሚመርጡት እርሱን ነው። ጠንካራው ይህ ነው፦ በአካል ጉዳት ምክንያት በእጅ መጻፍ የማይችል ተማሪ አለ፤ ለእርሱ ብቻ ቢፈቀድ ደግሞ በክፍሉ ሁሉ ፊት ጉዳቱ ሳይወድ ይገለጥበታል። ይህን በቅን ልቦና ያነበበ ሰው «ሁሉም ይከልከል» ብሎ መቀጠል ይከብደዋል፤ ስለዚህ አቋሙን ያሻሽላል። የእርስዎም አቋም ወደዚህ ሊያድግ ይችላል፦ «በእጅ መጻፍ በራሱ የተሻለ ውጤት ያስገኛል ለማለት ማስረጃው ባይበቃም፣ የአንዱ ተማሪ ስክሪን የሌላውን ትምህርት እንደሚጎዳ ስለታየ፣ መምህራን ላፕቶፕን ከመከልከል ይልቅ ለመጠቀም የሚፈልግ ሁሉ በኋለኞቹ ረድፎች እንዲቀመጥ ማድረግ አለባቸው።» ይህን «ቴክኖሎጂ ትምህርትን እየጎዳ ነው» ከሚለው ጋር ጎን ለጎን ያኑሩትና ይዩት።

ይህም አቋም ቢሆን የራሱ ተቃዋሚ አለው። የዌስት ፖይንቱን ጥናት ያነበበ ሰው «ከኋላ ቢቀመጥም ተጠቃሚው ራሱ መጎዳቱ አይቀርም» ሊልዎት ይችላል። መልስ ለመስጠት እስካሁን ያልተናገሩትን አንድ እምነትዎን ማውጣት ግድ ይሆናል፤ ይኸውም ለአካለ መጠን የደረሰ ተማሪ በራሱ ላይ የሚያመጣው ጉዳት የራሱ ጉዳይ ሲሆን፣ በጎረቤቱ ላይ የሚያመጣው ግን የመምህሩም ጉዳይ ነው የሚል ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን በ1958 ባሳተመው ሥራው ማስረጃን ከአቋም ጋር የሚያያይዘውን እንዲህ ያለ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ እሳቤ ለይቶ አውጥቶታል። አንባቢ ማስረጃዎን ሁሉ ተቀብሎ በአቋምዎ የማይስማማው በዚህ እሳቤ ሳይስማማ ሲቀር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምክንያት «ይህ እውነት ቢሆንስ፣ ለምን ወደዚያ አቋም ይወስደናል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉት። እኔ የተማሪ ድርሰት ሳነብ በብዛት ጎድሎ የማገኘው ይህ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ዋቢ የጎደለው ድርሰት በቁጥር ከዚህ ያነሰ ነው።

አስተዋጽኦውን፣ ማለትም የድርሰቱን ንድፍ ማውጣት የሚጀምሩት ከዚህ በኋላ ነው። «መግቢያ፣ ጥቅም፣ ጉዳት፣ መደምደሚያ» ብሎ መጻፍ አስተዋጽኦ አይባልም፤ ለማንኛውም ርእስ ይሆናልና። የእያንዳንዱን አንቀጽ ኃይለ ቃል በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ከዚያም ኃይለ ቃላቱን ብቻ በተከታታይ ያንብቧቸው። በመካከላቸው «ነገር ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ይህም ሆኖ» እያሉ ሊያያይዟቸው ከቻሉ ክርክሩ ይራመዳል ማለት ነው። ሦስተኛውን ከአምስተኛው ጋር ቢያቀያይሩት ምንም የማይጎድል ከሆነ ግን በእጅዎ ያለው ዝርዝር ነው። በእርስዎ ጉዳይ ተቃራኒውን ሐሳብ እንደ ልማዱ ከመደምደሚያው በፊት ባያስቀምጡት እመርጣለሁ፤ አንባቢው ስለ እጅ ጽሑፍ ብልጫ የሰማውን ይዞ ስለሚመጣ፣ ያ ነገር መጀመሪያ ላይ ቢስተካከል መንገዱ ይጠረጋል። ከሁሉ በላይ አንቀጾችዎን በዋቢ አይክፈሏቸው፤ «ሳና እንዲህ አሉ» በሚል አንቀጽ ጀምሮ «ኡሪ እንዲህ አሉ» ወደሚል አንቀጽ የሚሻገር ድርሰት የንባብ ዘገባ ነው። ዋቢዎቹ በእርስዎ ምክንያቶች ሥር ተሰባስበው፣ ካስፈለገም በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለት ሦስት ሆነው ይምጡ።

ከሦስቱ ሳምንታት የመጀመሪያውን ለጥያቄውና ለቀሪው ንባብ፣ ሁለተኛውን ለአስተዋጽኦውና ለረቂቁ፣ ሦስተኛውን ለማረም ይስጡት። አዲስ የሚያገኟቸው ጽሑፎች ቀድመው የሚያውቋቸውን ጥናቶች መጥቀስ ሲጀምሩ ንባብዎን ያቁሙ። ከ30ዎቹ ውስጥ 6 ወይም 7ቱ ብቻ ወደ ድርሰቱ ቢገቡ የቀሩት ከንቱ አልሆኑም፤ ጥያቄውን ለማጥበብ ረድተውዎታል።

አቋምዎ ቢለወጥ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቀውኛል። ካሳየሁዎት እንደሚረዱት፣ በትክክል ካነበቡ ጥቂትም ቢሆን መለወጡ አይቀርም። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስካልወጡ ድረስ ርእስ ቀየሩ አይባልም፤ መልሱን ቀየሩ እንጂ። ሆኖም መምህርዎ የሚያውቁት የቀድሞውን ሐሳብ ስለሆነ ረቂቁን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ገጽ ይዘው ቢሯቸው ይሂዱ። በገጹ ላይ ጥያቄው፣ የአሁኑ አቋምዎ በአንድ ዐረፍተ ነገርና ከሁሉ ያስቸገረዎት ተቃውሞ ይኑር። «ምን ልጻፍ?» ብለው አይጠይቋቸው፤ «ለዚህ ተቃውሞ የሰጠሁት መልስ ያሳምንዎታል?» ብለው ይጠይቋቸው፤ የሚመልሱልዎትንም እዚያው ቁጭ ብለው በቀኙ ዓምድ ላይ ይጻፉት።